ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ፤ በብርድ ወራት ከቤት ውጭ ስለምንጠጣው ውሃ



ባለፈው የወጣቶች ስብሰባችን ለከተራ ሌሊት ማን ምን እንደሚያዘጋጅ ሥራ ስንደለድል ነበር። ድንኳኑን፥ ከበሮውን፥ ዳቦውንና ሻዩን ለየሰዉ ካከፋፈልን በኋላ «ውሃውስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንድ ወንድማችንም፥ «በዚህ ብርድ ውሃ የት ይበላሻል? ከደረስንበት እንቀዳለን» ብሎ መለሰ። ብዙዎቻችን ሳቅንና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፍን።

ይሁን እንጂ ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ከነከነን። ምክንያቱም ይኸው «በብርድ ውሃ አይበላሽም» የሚለው አስተሳሰብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ምን እንዳደረሰብን የምናውቅ አለንና። ስለዚህ በዚህ እትም የደረሰብንን ሳንደብቅ ከተናገርን በኋላ፥ በብርድ ጊዜ ከቤት ውጭ የምንጠጣውን ውሃ ከበሽታ እንዴት ልናጠራው እንደምንችል በየተራ እንመለከታለን።

ሀ/ በፉሪ ተራራ ላይ የደረሰብን

ጊዜው ታኅሣሥ 20 ገደማ ነበር። ዐሥራ አንድ ሆነን ፉሪ ተራራን ለመውጣት ጎሕ ሳይቀድ ከሰፈራችን ተነሣን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ጣታችን በብርድ ከመደንዘዙ የተነሣ የጫማችንን ማሰሪያ ማሰር እንኳ አቅቶን ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሰውነታችን ከሞቀ በኋላ ግን ጥማት ያዘን፤ የያዝነውም ውሃ ገና እኩል መንገድ ላይ አለቀ።

ጥቂት እንደ ሄድን ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አገኘን። ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ፥ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ነበር። አንዲት እኅታችን፥ «ከላይ ከብት ተሰማርቷል፤ አፍልተን ብንጠጣ ይሻላል» ብትል፥ «እንዲህ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ምን ጀርም ይኖራል?» ብለን አሾፍንባት። እርሷ ሳትጠጣ ቀረች፤ ሌሎቻችን በእጃችን እየጨለፍን ጠጣን። በዚያን ቀንም ሆነ በማግሥቱ አንድም ሰው አልታመመም። እንዲያውም «አየሽ?» ብለን መልሰን ሳቅንባት።

የገና በዓል ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ከጠጣነው ከዐሥሩ ስድስታችንን ሆዳችንን ይነፋን፥ መጥፎ ሽታ ያለው ግሣት ያገሣን፥ ያስቀምጠንም ጀመር። ሁላችንም ጥፋቱን በዶሮ ወጡና በሥጋው ላይ አሳበብን፤ «ከጾም በኋላ ሆድ አልለመደው ይሆናል» አልን። ከሁላችን ታናሽ የነበረው የ12 ዓመት ልጅ ግን ባሰበት። ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረ፤ ሰውነቱም መነመነ። ሰገራው ሲመረመር ጃርዲያ ተገኘበት። ከዚያ በኋላ እኛም ተራ በተራ ስንመረመር ያው ሆነ።

ጃርዲያ ከተዋጠ በኋላ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ እንደሆነ የተማርነው ያን ጊዜ ነው። ቀኑን ወደ ኋላ ስንቆጥር ያ የጠራ ምንጭ ላይ ደረስን። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ስለ ሙላት ብቻ አለመሆኑም ገባን። የታመመውን ልጅ እናት ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው፥ «ትልልቆቹ እናንተ ነበራችሁ» አሉን እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለ/ ብርድ ጀርምን ያቆያል እንጂ አይገድልም

የስሕተታችን ሥር ይህ ነው። ቅቤና ሥጋ በብርድ ቦታ የምናስቀምጠው እንዳይበላሽብን፥ ማለትም እንዲቆይልን ነው። ብርድ ለእኛ ቅቤውን እንደሚያቆይልን ሁሉ ለብዙ ጀርሞችም ዕድሜ ያቆይላቸዋል። ጃርዲያ ከእንስሳ ወይም ከሰው ሆድ ከሰገራ ጋር ሲወጣ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው። በሞቃት ውሃ ውስጥ ከሆነ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይኖራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ስለዚህ የታኅሣሥ ምንጭ ከግንቦት ምንጭ ይልቅ አይታመንም።

በረዶም ቢሆን ያው ነው። በክረምት በረዶ ሲጥል ልጆች ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን እየለቀሙ ሲበሉ እናያለን። ውሃ በረዶ ሲሆን ጀርሙ ይተኛል እንጂ ሁሉም አይሞትም፤ አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ይነቃል። በጣሪያው ላይ የነበረው አቧራና የወፍ ኩስም አብሮ ይዋጣል።

ሐ/ የእኛ አገር ሁለት ብርድ

በፉሪና በአዲስ አበባ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። አንደኛው የክረምቱ ብርድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው፤ እንጨቱ ይረጥባል፤ ወንዙና ምንጩ ከላይ የወረደውን ጎርፍ ተቀብሎ ይደፈርሳል። ሁለተኛው የበጋው ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ውሃው ግን ይጠራል፤ ቀኑም ፀሐያማ ነው።

ይህን መለየት ያስፈለገበት ምክንያት ዘዴው ስለሚለያይ ነው። የክረምቱ ውሃ በመልኩ «አትጠጡኝ» ይላል፤ ስለዚህ ሰው ይጠነቀቃል። የበጋው ውሃ ግን በጥራቱ ያታልላል። እኛን የጣለን ይኸኛው ነው።

መ/ ከሁሉ አስቀድሞ ምንጩን መምረጥ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ትምህርት እንደ ተነገረ ያህል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከቤት ቀድቶ፥ በቤት አጥርቶ ይዞ መሄድ ነው። ይህ ካልተቻለ፥ ከመጸዳጃ ቤት፥ ከከብት መሰማሪያና ከመቃብር ቦታ በላይ ያለውን ውሃ መምረጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ትንሹ አቃቂ የከተማችንን ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርድ የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀበል የኖረ ወንዝ ነው። ተመራማሪዎች በወንዙ ውሃና በዚያ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ውሃ ብናፈላው፥ መድኃኒትም ብንጨምርበት የሚሞተው ሕይወት ያለው ጀርም ብቻ ነው። ብረትና ኬሚካል አይሞትም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ መርዙ ይጠነክራል። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው፥ ጥርስን የሚያበልዘው ፍሎራይድም እንዲሁ በማፍላት አይወገድም። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበትን ወንዝ ለማጣራት መድከም አይገባም፤ ትቶ መሄድ ነው።

ሠ/ ማጥለል

የደፈረሰ ውሃ ከተገኘ አስቀድሞ በዕቃ አድርጎ እንዲረጋ መተው፥ ከዚያም የላይኛውን ቀስ ብሎ መገልበጥ፥ ቀጥሎም በንጹሕ ነጠላ አጥፎ ማጥለል ነው። ይህ አፈሩንና ቅጠሉን፥ በደጋ ምንጮች የሚገኘውንም አልቅት ያስቀራል። አልቅት በጉሮሮ ወይም በአፍንጫ ተጣብቆ ደም እንደሚመጥ የገጠር ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ጎንበስ ብሎ በአፍ ከምንጭ መጠጣት ክፉ ልማድ የሆነው አንድም ስለዚህ ነው።

በባንግላዴሽ ሴቶች ያረጀ ሳሪ፥ ማለትም የሚለብሱትን ቀጭን ጨርቅ፥ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ እንዲያጠልሉ ተደርጎ በተካሄደ ጥናት የኮሌራ ሕመም በግማሽ ያህል መቀነሱ ታይቷል። ጨርቅ ብቻውን ይህን ያህል መርዳቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ግማሹ ቀነሰ ማለት ግማሹ ቀረ ማለትም ስለሆነ፥ ማጥለል ለሚቀጥለው ሥራ መዘጋጃ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ረ/ ማፍላት

በብርድ ጊዜ ከሁሉ የታመነው ዘዴ ይህ ነው፤ ጃርዲያን፥ አሜባን፥ የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም ሁሉንም ይገድላል። ሆኖም የምንኖርበትን ከፍታ ማስታወስ ይገባል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳና በውሃው ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ነው። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በፉሪ ተራራ ጫፍ ከ90 እስከ 91፥ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ንፍሮ በደጋ ከቆላ ይልቅ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው።

ታዲያ በ90 ዲግሪ የፈላ ውሃ ጀርም ይገድላል ወይ? አዎን፤ በሽታ አምጪዎቹ ጀርሞች ውሃው ከ70 ዲግሪ ካለፈ ጀምሮ በፍጥነት መሞት ይጀምራሉ። ለጥንቃቄ ያህል ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። አገራችን ደጋ ስለሆነ ይህ ለአብዛኞቻችን ሕግ ነው።

«መፍላት» የምንለውን ግን እንለይ። ድስቱ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ወይም ትንንሽ አረፋ ከዳር ሲታይ ገና አልፈላም። ከሥር እየተገላበጠ ሲንተከተክ ያን ጊዜ ነው መቁጠር የሚጀመረው። ሰዓት የያዘ ከሌለ አንድ አጭር መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዘመር 3 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በነፋስና በብርድ እሳት ቶሎ ሙቀቱን ስለሚያጣ ጉልቻውን ነፋስ በማያገኘው በኩል መትከል፥ ድስቱን መክደን፥ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ከመጣድ ትንሽ ትንሹን ማፍላት ይረዳል። የክረምት ጉዞ ከሆነ ጥቂት ደረቅ ጭራሮ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ አይረሳ።

ሰ/ የውሃ መድኃኒት

ውሃ ለማከም የሚያገለግለው ክሎሪን በእንክብልም በፈሳሽም ይገኛል፤ «ውሃ አጋር» በሚል ስም የሚታወቀው ፈሳሽ ከዚህ ወገን ነው። መጠኑ በዕቃው ላይ የተጻፈው ነውና እርሱን መከተል ይገባል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ብርድ የመድኃኒቱን ሥራ የሚያዘገይ መሆኑን ነው። የተለመደው «30 ደቂቃ ቆዩ» የሚለው ትእዛዝ ለብ ላለ፥ 25 ዲግሪ ያህል ለሆነ ውሃ ነው። ውሃው በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የመቆያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም፥

- ውሃው 25 ዲግሪ ከሆነ 30 ደቂቃ፥
- 15 ዲግሪ ከሆነ 1 ሰዓት፥
- 5 ዲግሪ ከሆነ 2 ሰዓት ነው።

በውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረ ጀሪካን ወደ መጨረሻው የሚጠጋ ነው። በዚያ ላይ መድኃኒት ጨምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጠጣት ራስን ማታለል ይሆናል። ስለዚህ ወይ በትዕግሥት መጠበቅ፥ ወይም ውሃውን ቀን በፀሐይ ወይም በቤት ውስጥ ለብ ካለ በኋላ ማከም ነው። የደፈረሰ ውሃም መድኃኒቱን በከንቱ ስለሚጨርሰው መጀመሪያ ይጠለል። ደግሞም ክሎሪን የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም በደንብ ቢያጠፋም ጃርዲያን፥ ያውም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፥ ለመግደል ይቸገራል። ከብት ከሚሰማራበት ተራራ የተቀዳ ውሃ መፍላት አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ሸ/ ፀሐይ

እንጨትም መድኃኒትም ከሌለ ፀሐይ አለች። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር አፍቲም አክራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳወቁት ዘዴ፥ ከ2 ሊትር በማይበልጥ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ የተሞላ ጥሩ ውሃ በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት ቢሰጣ አብዛኛው ጀርም ይሞታል። ቀለም የሌለው፥ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የላስቲክ ጠርሙስ ለዚህ ይሆናል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ማሰንበት ያስፈልጋል፤ ዝናብ ባልተቋረጠበት ቀን ግን አይሠራም።

ሥራውን የሚሠራው በዋነኛነት የፀሐይዋ ጨረር እንጂ የአየሩ ሙቀት አይደለም። ስለዚህ የታኅሣሥ አየር ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ እስከ ጠራ ድረስ ዘዴው ያገለግላል፤ ለሐምሌ ግን አይሆንም። ውሃው በቂ ጥራት እንዳለው ለመፈተን ጠርሙሱን በዚህች ጽሑፍ ርእስ ላይ አቁማችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ፤ ፊደሉን ማንበብ ከቻላችሁ ውሃው ይበቃል። የማባዣው ቀለም ፈዝዞ ካላነበባችሁ ግን ጥፋቱ የውሃው አይደለም!

ቀ/ ከሰልና ድንኳን

ይህ ስለ ውሃ ባይሆንም ከውሃ ማፍላት ጋር የተያያዘ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አናልፈውም። በብርድ ሌሊት ሻይ ያፈላንበትን የከሰል ምድጃ «እንሙቀው» ብለን ወደ ድንኳን ማስገባት ያምረናል። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ ፍም ቢሆንም እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ። ማፍላቱም መሞቁም በደጅ ይሁን፤ ወደ ድንኳን የሚገባው ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

በ/ ከጠራ በኋላ መጠበቅ

ውሃ አፍልተን ባልታጠበ ጣሳ ብንጨልፈው ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው። የጠራው ውሃ አፉ ጠባብና ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ፤ በማንቆርቆር እንጂ በማጥለቅ አይቀዳ። ኩባያ በጋራ ስናዞር በሳሙና መታጠብ አለበት። ከመጸዳጃ መልስ እጅ መታጠብ በብርድ ጊዜ ያስጠላል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም በዚሁ ወራት ነውና ለእጅ መታጠቢያ ትንሽ የሞቀ ውሃ ማዘጋጀት ታላቅ በጎነት ነው። ሰው ቢታመምም ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ የሚበጠበጥበት 1 ሊትር ውሃ ራሱ የጠራ ይሁን።

ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት በአዲስ አበባ እንዴት እንዳስጨነቀን እናስታውሳለን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ፥ ብዙ ሕዝብ ለጠበል በሚሄድበት በበርሜል ጊዮርጊስ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሰው፥ ጥቂት መጸዳጃና ጥቂት ንጹሕ ውሃ በአንድ ቦታ ሲገናኙ በሽታ ይነሣል። እዚህ የምንናገረው ለጥም ስለምንጠጣው ውሃ እንጂ ስለ ጠበል አይደለም፤ ወደ ጠበል የሚሄድም ሰው ግን የሚጠጣውን ውሃ በጀሪካን ይዞ ቢሄድ እምነቱን አይቀንስበትም።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፥ ከዚህ በላይ ያየነውን በአጭሩ ብንሰበስበው፥ ብርድ ጀርሙን ያቆያል፤ መድኃኒቱን ያዘገያል፤ እኛን ደግሞ ያስቸኩላል። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ለውሃ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ጊዜ ነው፤ ለማፍላት 3 ደቂቃ፥ ለመድኃኒት እስከ 2 ሰዓት፥ ለፀሐይ 6 ሰዓት።

ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀን በኋላ ወደዚያ ወንድማችን ሄደን አነበብንለት። እርሱም ሳይቀየም፥ «እንግዲያው ውሃው የእኔ ሥራ ይሁን» አለ። ከእርሱ ጋር ሆነንም እንዲህ አሰብን፤ 60 ሰው በነፍስ ወከፍ 1 ሊትር ተኩል ቢጠጣ 90 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 20 ሊትር 5 ጀሪካን ይበቃል። በጥር 10 ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በቤት ውስጥ መድኃኒቱ ይጨመርበታል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ማንም አይከፍተውም። ሻዩ በደጅ ይፈላል። ጀሪካኖቹን የሚጠብቁ ሁለት ሁለት ሰዎች በተራ ይመደባሉ። ያ በጃርዲያ ታሞ የነበረው ልጅ አሁን አድጎ ከመዘምራኑ አንዱ ሆኗል፤ የመጀመሪያውን ተራ እርሱ ጠይቆ ወስዷል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በፉሪ ተራራ የጠጣነው ውሃ በማግሥቱ ሳያሳምመን ከገና በኋላ ያሳመመን ለምንድን ነው?
2. ውሃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ለምንስ 3 ደቂቃ እናቆየዋለን?
3. ጀሪካናችሁ ሌሊት ደጅ አድሮ ውሃው 5 ዲግሪ ቢሆን መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ ስንት ጊዜ ትጠብቃላችሁ?
4. ማፍላት የማያድነው ምን ዓይነት ውሃ ነው? በሰፈራችሁ አቅራቢያ እንዲህ ያለ ወንዝ አለን?
5. በመካከላችሁ አንድ ሰው «አፍልተን እንጠጣ» ሲል ሌሎቹ ቢስቁበት ምን ታደርጋላችሁ?